«አላውቅም» ይሉ የነበሩት የታሪክ መምህር

ጋሼ መርሻ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ሆኜ መንገዱ እስኪከፈት እጠብቅ ነበር። ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ከደብረ ታቦር የሚመጣ ወሬ ሁሉ የሚደርሰን በሰው አፍ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በወረታ በኩል እንደምንም አልፎ መጣና መናኸሪያ ውስጥ ስሜን እየጠራ ፈለገኝ። ሲያገኘኝ እጄን ጨበጠኝ። ቆይቶ «ከእትዬ ሙሉ ነው የተላክሁት» ሲለኝ ገባኝ። እትዬ ሙሉ የጋሼ መርሻ ባለቤት ናቸው። ደህና ቢሆኑ ኖሮ መልእክቱን የሚልኩልኝ ራሳቸው ጋሼ ነበሩ።

የስኳር መድኃኒታቸው እኔ ዘንድ ነበር። ያረፍሁበት ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከባለቤቶቹ ወተት አጠገብ። ደብረ ታቦር ኢንሱሊን ጠፍቶ ስለነበር፣ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ስወርድ ገዝቼ እንድመለስ አደራ ተሰጥቶኝ ነበር። ገዛሁ። በማግስቱ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ «ዛሬም የለም» እባላለሁ፣ እመለሳለሁ። አንዴ እስከ ሐሙሲት ደርሼ ከዚያ መልሰውኛል። በእግሬ ልሂድ ብዬም ነበር፤ የሰማኝ ሁሉ «በበረዶ የታሸገ ዕቃ ይዘህ ማን ያሳልፍሃል? ደግሞስ እዚያ እስክትደርስ በረዶው ይቆይሃል?» አለኝ። እውነታቸውን ነው። ሾፌሩ የነገረኝን ይዤ ቀኑን ሳስበው፣ ጋሼ መርሻ ባረፉበት ሰዓት እኔ ከመናኸሪያ ተመልሼ ሸሚዝ እያጠብሁ ነበር። ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። ይህን ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲሉ ይነግሩኛል፤ እኔን ግን የሚያንገበግበኝ እሱው ነው።

ጋሼ መርሻ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸውን የሰጡት ለቤተ እስራኤል ታሪክ ነው፤ በእኛ አገር ይሁዲነትን ይዘው ለኖሩት፣ ጎረቤቶቻቸው «ፈላሻ» እያሉ ይጠሯቸው ለነበሩት ሰዎች። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ ቆይቷል። እዚህ የቀረው የመንደራቸው ስም፣ የመቃብራቸው ድንጋይና ስለ እነሱ የሚወራው ወሬ ነው። ጋሼ መርሻ ወሬውን ከእውነቱ ሲለዩ ኖሩ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከአርባ ምንጭ ተመድቤ ደብረ ታቦር ስመጣ ቢሮ ያጋሩኝ እሳቸው ነበሩ። ብርዱ አጥንቴ ገብቶ ስንቀጠቀጥ አዩኝና ከኮታቸው በላይ የደረቡትን ጋቢ አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «ለዚህ አገር ብርድ ዲግሪ አይበቃም» አሉኝ። አጭርና ቀጭን ነበሩ፤ ሲራመዱ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ወደ ፊት ዘንበል ይላሉ። ስኳራቸው ድንገት ሲወርድ የሚውጡት ከረሜላ ከኪሳቸው አይጠፋም፤ ግማሹን ግን የሰፈር ሕፃናት ይበሉባቸዋል።

አንድ ነገር ሲጠየቁ የማያውቁት ከሆነ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ሁለት መዳፎቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ «አላውቅም» ይላሉ። የሚሉትም አፍረው አልነበረም፤ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው ይፈካ ነበር። ተማሪዎቹ «ዶክተር አላውቅም» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ደስ ይላቸዋል። «‹ይባላል› እና ‹ነው› ጎረቤት ይመስላሉ እንጂ በመሃላቸው ወንዝ አለ» የምትል አባባል ነበረቻቸው። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያርሙ ዳርና ዳሩ ላይ «ወንዙን እንዴት ተሻገርኸው?» ብለው ይጽፋሉ።

አንድ ቀን ክፍላቸው ገብቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ ፈላሾች ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሣቀ። ጋሼ መርሻ አልተቆጡም። ያየ ሰው አለ ወይ ብለው መልሰው ጠየቁት። አያቱ ማየታቸውን ነገራቸው።

«አያትህ ያዩት ጅብ ነው ወይስ ሰው?»

«ጅብ።»

«ጅብማ እኔም አይቻለሁ» አሉት።

ሣቁ በረድ ሲል የራሳቸውን ታሪክ ተናገሩ። የተወለዱት በይፋግ በኩል ነው። ከመንደራቸው ማዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረ። ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ። እናታቸው እንስራውንም ድስቱንም የሚገዙት ከእነሱ ነው፤ ልጆቻቸውን ግን «ዓይናቸው ይበላል» ብለው ከእነሱ ፊት ይደብቃሉ። እነዚያም በበኩላቸው ክርስቲያን ከነካቸው ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። «እኛ እንፈራቸዋለን፣ እነሱ ይጸየፉናል» አሉ ጋሼ። «በረዶ አዝመራ ሲመታ ግን ማዶ ለማዶ አብረን ነበር የምናለቅሰው።»

አንድ ጠዋት ከማዶ ጢስ አልወጣም። በደርግ ጊዜ ነው፤ በሱዳን በኩል በእግራቸው ሄደዋል። የወዲህ ማዶ ሰው ጥቂት ቀን ጠብቆ ወንዙን ተሻገረ። አንዱ ምሰሶ ነቀለ፣ አንዱ ወፍጮ ተሸከመ። «አባቴ በር ይዞ መጣ» አሉ። «ቤታችን ላይ ገጠመው። እኔ ያደግሁት የሰው በር ስዘጋና ስከፍት ነው።» ታሪክ ያጠኑት ባለበሩ ማን እንደነበረ ለማወቅ መሆኑን፣ ሌላ ትልቅ ምክንያት እንደሌላቸው ነገሩን።

ብዙ ዓመት ቆይተው ለጥናት ወደ እስራኤል ሄዱ። ቋንቋውን ተማሩ፤ ከዚያ መንደር የሄዱ አንድ ሽማግሌም አፈላልገው አገኙ። ያ በር የማን እንደሆነ ሽማግሌው ወዲያው አወቁት፤ የራሳቸው ነበር። ጋሼ መርሻ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሽማግሌው ትከሻቸውን ይዘው፣ «አሁንም በደንብ ይዘጋል?» ብለው ጠየቋቸው። ይዘጋል አሏቸው። «እንግዲያው ደህና» አሉ ሽማግሌው። ጋሼ መርሻ ይህን ሲናገሩ መነጽራቸውን አውልቀው ስለነበር ዓይናቸውን አየሁት። ከዚያ ትምህርት በማግስቱ ስለ ጅብ የጠየቀው ተማሪ ቢሯችን መጥቶ በር ላይ ሲያመነታ፣ ገብቶ እንዲቀመጥ ነግረውት ከረሜላ ሰጡት።

እስራኤል ቀርተው እንዲያስተምሩ ተጠይቀው ነበር። አዲስ አበባም ቦታ ነበራቸው። የድሮውን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ሳያልቁ ብለው ወደ ደብረ ታቦር ተመለሱ። ግን ያው ሽማግሌዎቹ እያለቁ ነበር። መጽሐፋቸው ሁልጊዜ ሊያልቅ ትንሽ ይቀረዋል፤ «አንድ የማናግረው ሰው አለ» ይላሉ፣ ስንደርስ ሰውየው ተቀብሮ እናገኛለን። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ማዕረግ እያገኙ አለፏቸው። ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠይቄያቸው፣ ቅር የሚላቸው ሽማግሌዎቹ በሞት ስለሚቀድሟቸው መሆኑን ነገሩኝ።

የድሮ መንደሮቹንና መቃብሮቹን ካርታ ላይ እንዳስቀምጥላቸው አብሬያቸው እወጣ ነበር። አንዴ አንድ ጉብታ ላይ ደረስን። ከዓመታት በፊት ፎቶ ያነሱት መቃብር ነበር፤ ድንጋዮቹ የሉም። ዝቅ ብሎ አዲስ የእርከን ካብ ይታያል። ገበሬው ጤፉን ሲያርም ነበር፤ በጨዋነት ተነሥቶ ተቀበለን፣ ቤት ግቡ አለን። ጋሼ መርሻ ስለ ድንጋዩ ሲጠይቁት አልደበቀም። አፈሩን ጎርፍ እየወሰደበት ልጆቹ ሊራቡ መሆኑን፣ ድንጋዩንም ከዚያ ማንሣቱን ነገራቸው። ከዚያ «ጌታው፣ ሙታኑ አይናገሩ፣ ዘመዶቻቸው አይመጡ፤ ለማን ብዬ ላስቀምጠው?» አላቸው።

መልስ ይሰጡታል ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ካቡ ወረዱ። አንዱ ድንጋይ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉና «ካቡ ጥሩ ነው፤ በደንብ ተሠርቷል» አሉት። ቤቱ ገብተን ጠላውን ጠጣን።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን የእማማ ጠጄ ነገር ነው።

እማማ ጠጄ በከተማው ዳር የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው። አንድ እሑድ ጋሼ መርሻ ቤት መጡ። እኔ ምሳ ተጋብዤ ነበር። እትዬ ሙሉ ግቡ ቢሏቸው «እዚሁ ይበቃኛል» ብለው ደፉ ላይ ተቀመጡ። የሰው ቤት ዘልቆ መግባት አልለመዱም። ጋሼ መርሻ ደጋግመው አልለመኗቸውም፤ ወጥተው እዚያው ደፉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ብርቄ ልጄ ከባሏ ጋር እስራኤል ሄዳለች» አሉ እማማ ጠጄ። «ወልዳለች። ከእሷ ሌላ የለኝ። ልከተል ብል ዘርሽ አይታወቅም አሉኝ። እዚህ አገር ቡዳ ናት ሲሉኝ ኖሩ፤ እዚያ ደግሞ የእኛ አይደለሽም ይሉኛል። አንቱ ያውቃሉ አሉኝና መጣሁ። አንዲት ቃል ነው የምለምንዎ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ እስራኤል ዘር ነን የሚሉትን ቤተሰቦች የሚያጣሩ ሰዎች ከውጭ እየመጡ ጎንደር ይቀመጡ ነበር። አንዳንድ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ቃል ይቀበላሉ፤ የጋሼ መርሻ ቃል ደግሞ እነሱ ዘንድ ይከበራል።

ጋሼ መርሻ ቃሉ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ ግን ሄደው እንደሚጠይቁ ነገሯቸው። ያን በጋ ሙሉ የእማማ ጠጄን ወላጆች የሚያስታውስ ሰው ፍለጋ ዞርን። አንድ ሽማግሌ የአባታቸው አባት የቤተ እስራኤል ቄስ እንደነበሩ ምሎ ተናገረ። አንዲት መነኩሲት ደግሞ እማማ ጠጄ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው የክርስቲያን ልጅ እንደሆኑ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ አዝነው እንዳሳደጓቸው ነገሩን። ሌላው ጠዋት አንድ ነገር አውርቶ ከምሳ በኋላ ሌላ አወራ። እማማ ጠጄ ራሳቸው የሚያስታውሱት ያሳደጓቸውን ብቻ ነው። ሸክላ መሥራታቸው ነገሩን አይቋጨውም፤ ያሳደገ ሙያውን ያስተምራል።

የመጨረሻውን ሽማግሌ አነጋግረን አንበሳሜ ገበያ መሃል ስናልፍ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ አዎ ቢሉስ ማን ይጎዳል?»

ቆሙ። ሰው እየገፋን ያልፋል።

«ማንም አይጎዳም» አሉኝ። «የከበደኝም እሱ ነው። የሚጎዳ ሰው ቢኖር ኖሮ እምቢ ለማለት አልቸገርም ነበር።»

«ታዲያ?»

«እነዚያ ሰዎች እኔን የሚጠይቁኝ የማላውቀውን አውቃለሁ ስለማልል ነው። ብዋሽላት ይነቃብኛል፤ ሁለት ሰው አነጋግረው ይደርሱበታል። ያን ጊዜ ለእሷም አልሆንሁ፣ ከእሷ በኋላ ለሚመጡትም አልሆንሁ።» «እንዲህ እያልሁ ራሴን አስረዳለሁ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጎንደር አብሬያቸው ሄድሁ። አጣሪው ሸበት ያለ ትሑት ሰው ነበር፤ እዚሁ አገር ተወልዶ በሕፃንነቱ የሄደ። አማርኛውን እየፈለገ ነው የሚናገረው። የወይዘሮዋ ወላጆች ቤተ እስራኤል መሆናቸውን በእርግጠኝነት ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። ጋሼ መርሻ መነጽራቸውን አወለቁ። መዳፎቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«አላውቅም» አሉ።

ያን ቀን ፊታቸው አልፈካም። ቀጥለው፣ «አለመሆናቸውንም አላውቅም። ይኼንንም ጻፍልኝ» አሉት።

ሰውየው እስክሪብቶውን አየ። «የምጠየቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው» አለ። «አዝናለሁ፣ ጋሼ። እኔንም የወላጆቼ ቃል ባይኖር ማን እንደሆንሁ የሚመሰክርልኝ አልነበረም።» ደጁ ድረስ ሸኘን፤ እጃቸውን ይዞ ቶሎ አልለቀቀም።

ስንመለስ ምሳ አልበሉም ነበርና አዲስ ዘመን ላይ ስኳራቸው ወርዶ ላብ አጠመቃቸው። ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥቼ አፋቸው ውስጥ አደረግሁላቸው። እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን እያዩ መጠጡት።

ለእማማ ጠጄ በሰው አላስነገሩም። ራሳቸው ሄዱ። እማማ ጠጄ ጭቃ እያቦኩ ነበር። ጋሼ መርሻ ቆመው የሆነውን አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ምንም አላለዘቡም። ሴትዮዋ እጃቸው ጭቃው ውስጥ እንዳለ ቀና አሉ።

«አንቱም አላወቁኝም?»

«አላወቅሁም፣ እማማ።»

ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። ካሁን አሁን ይረግሟቸዋል፣ ያለቅሳሉ ስል፣ «እንግዲያው ቆመው አይዋሉ፣ ይቀመጡ» አሉና በርጩማውን በክርናቸው ገፋ አደረጉላቸው። ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። ጋሼ መርሻ ተቀመጡ፤ እስኪመሽ አልተነሡም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ደጅ ጠኑ። ጎንደር ተመላለሱ፣ በውጭ የሚያውቋቸውን ሰዎች ለመኑ። አንዳንዱ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ አንዳንዱ አልመለሰላቸውም። መጽሐፋቸውን ተዉት። ክፍል ውስጥ «አላውቅም» ሲሉ እንደ ድሮው ደስታ አልነበረባቸውም። አንድ ቀን ቢሮ ቁጭ ብለው በመስኮት ሲያዩ ቆዩና፣ «ይኼን ሁሉ ዘመን ተምሬ የአንዲት ሴት እናት ማን እንደሆነች አላወቅሁም» አሉኝ። ምን ብዬ ላጽናናቸው? ለተማረ ሰው የሚነገር ማጽናኛ ሁሉ እሳቸው አስቀድመው ያውቁታል።

አንድ ነገር ብቻ ቀናቸው። እማማ ጠጄ ስልክ የላቸውም፤ ብርቄ በጋሼ መርሻ ስልክ ትደውል ጀመር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ይዘውላቸው ይሄዳሉ፤ ሴትዮዋ ልጃቸውንም የልጅ ልጆቻቸውንም በምስል ያያሉ። ልጆቹ አማርኛ አይችሉም። አያትየው ዕብራይስጥ አይሰሙም። በመሃል ቁጭ ብለው የሚያስተረጉሙት ጋሼ መርሻ ናቸው። «ቋንቋውን የተማርሁት የጥንት መጽሐፍ ለማንበብ ነበር» ይሉኛል። «አሁን ‹አያቴ፣ ጥርስሽ የት ሄደ?› የሚለውን እተረጉማለሁ።» እንደዚያ ሲሉ ይሥቁ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ሲሥቁ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። መብራት እየጠፋ መድኃኒታቸው መሞቁን የሰሙት እማማ ጠጄም በውሃ ተነክሮ የሚቀዘቅዝ ትንሽ ማሰሮ ሠርተው ሰጧቸው። ኢንሱሊናቸውን በዚያ ነበር የሚያስቀምጡት።

ከዚያ ጊዜው ተበላሸ። ትምህርት ተቋረጠ፣ ተማሪው ተበተነ፣ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ቆየ። ስልክም ጠፋ። ጋሼ መርሻ እሑድ እሑድ የማይሠራ ስልካቸውን ይዘው እማማ ጠጄ ዘንድ መሄዳቸውን አልተዉም። እማማ ጠጄ «ዛሬስ አልጮኸም?» ይላሉ። «አልጮኸም፣ እማማ» ይሏቸዋል። ከዚያ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ሴትዮዋ እህል ተዉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ።

አንድ እሑድ አብሬያቸው ሄድሁ። ጋሼ መርሻ እንደ ልማዳቸው በርጩማው ላይ ተቀመጡና ድንገት፣ ትናንት ለአፍታ ስልኩ መጥቶ እንደነበር፣ ብርቄ መደወሏን፣ ደህና መሆኗን ተናገሩ። ትንሹ ልጅ ጥርሱ መውለቁን፣ ከአያቱ ጋር ተመሳስያለሁ ብሎ መኩራቱን ጨመሩ። እማማ ጠጄ ዞር አሉ። ጥርሱ የላይኛው ነው የታችኛው ብለው ጠየቁ። «የላይኛው» አሉ ጋሼ መርሻ።

ስልክ እንዳልነበረ አውቃለሁ። በከተማው ለማንም አልነበረም። እኔን አላዩኝም፤ ማሰሮ ማሰሮውን ነበር የሚያዩት። እማማ ጠጄ ያን ቀን ጥቂት በሉ። ስንወጣ ጋሼ መርሻ፣ «ይኼ ታሪክ አይደለም፤ ማንም አይጽፈውም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አንድ ወሬ ይወልዱ ጀመር፤ ትንሽ፣ ለአንድ ሳምንት የምትበቃ። እያንዳንዷ ከላያቸው ላይ አንድ ነገር ይዛ ትወጣ የነበረ ይመስለኛል።

እኔ ወደ ባሕር ዳር የወረድሁት በዚያው ሰሞን ነው።

መንገዱ ሲከፈት መድኃኒቱን ሳልይዝ ለልቅሶ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ለሌላ ሕመምተኛ ሰጥቼው ነበር። እትዬ ሙሉ የሆነውን ነገሩኝ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ጋሼ መርሻ እየቀነሱ ይወጉ ነበር፤ በኋላ አንድ ቀን እየዘለሉ። ሐኪሙ ያለውን አደረገ፤ የሌለውን ከየት ያመጣል? ባለቀ ጊዜ ጥማቱ ጸናባቸው፣ አንደበታቸው ተሳሰረ። የመጨረሻዋን እሑድ ደግፈው እማማ ጠጄ ዘንድ እንዲያደርሷቸው ለምነው ሄደዋል። «አትሂድ ብዬው ነበር» አሉ እትዬ ሙሉ። «ምን ላድርግ፣ ሲለምነኝ አይቼው አላውቅም ነበር።» ስለ እኔ ጠይቀው እንደነበር፣ መንገዱ ሳይከፈት እንዳልመጣ አደራ ማለታቸውንም ነገሩኝ። ይህን ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወጥቼ እማማ ጠጄ ዘንድ ሄድሁ። ቤታቸው ደብዛዛ ብርሃን ነበረው፤ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጭቃ መንካት ትተዋል። ነፍስ ይማር አልኋቸው። ስለ ስልኩ ወሬ ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልሁ ስፈራ ስቸር እሳቸው ጀመሩት።

«ስልኩ እንዳልሠራ አውቅ ነበር» አሉኝ። «አገሩ ሁሉ ያጣው ስልክ ለዶክተር ብቻ ይመጣል? መዋሸት አይችሉበትም፤ ሲዋሹ ዓይናቸው ማሰሮ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ስለ እኔ ብለው ነዋ የለፉ። እንዴት እምቢ ልበል?» አሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «እየው ልጄ፣ ይች ቡዳ ናት፣ አውቃታለሁ የሚል ነበረ። ይች የእኛ አይደለችም፣ እናውቃለን የሚልም ነበረ። አላውቅሽም ብሎ በሳምንቱ ተመልሶ የመጣ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

የጋሼን ሥራ የሚቀጥል ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። ተማሪዎቹ የት እንደተበተኑ አላውቅም ነበር፤ እንዲሁ ነገርኋቸው። እሳቸው ራሳቸው ሲሞቱ የት እንደሚቀብሯቸው ጠየቁኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ያስገቧቸው እንደሆነ፣ ወይስ ያሳደጓቸው ሰዎች ካሉበት ጉብታ ይወስዷቸው እንደሆነ። ያ ጉብታ ድንጋዩ ለካብ የሄደበት ነው። ይህን እንዴት ልንገራቸው? መሬት መሬት አየሁ።

በኋላ ውጭውን አዩና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«በል ተነሥ፣ ልጄ» አሉኝ። «መንገዱ ሳይዘጋ ሂድ።»